ለሐኪም ያልነገርኳቸው አራት ሰዓታት

የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ስለ ራሴ ግን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ይሄ የመጀመሪያዬ ስለሆነ በለመድኩት ደንብ ልጀምረው፦ ጉዳዩ የግራ እጄን ትንሿን ጣት ይመለከታል።

ለአንዲት ጣት ይህን ያህል ወረቀት ምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። እኔም በሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያው እል ነበር። ይቺ ጣት ግን ታይፎይድ ተብዬ መርፌ አስወግታኛለች፣ ልብ ተብዬ አልጋ ላይ አስተኝታኛለች፣ አንገቴን ለቢላዋ ላቀርብላትም ትንሽ ነበር የቀረኝ። መንስኤዋን ደግሞ በየሐኪሙ ፊት የደበቅኩት እኔው ነኝ። የምጽፈው እንደኔ የሚደብቅ ሰው ካለ እንዲያነበው ነው፤ እንዳለም አውቃለሁ።

ሱቄ ጅግጅጋ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ያለች አንድ በር ናት። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር፣ አበቃ። ሰው በሶማሊኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፤ ጡረታ፣ ውክልና፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ሲመጣ ኬላ ላይ የተያዘ ዕቃ። አማርኛውን ያገኘሁት በደርግ ጊዜ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። ኪቦርድ ሳላይ በአሥር ጣቴ እመታለሁ፤ ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ እኔ እጨርሳለሁ። በዚህ እኮራለሁ፣ አልክድም። ሌላ የምኮራበት ነገርም ብዙ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከኮሮናው ሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ ስታጠብ የግራ እጄ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ የቀለበት ጣቴ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን ለብ ያለ አልለይ አሉኝ። ተኝቼባቸው ይሆናል ብዬ አሻሸኋቸው። በሳምንቱም እንደዚያው ናቸው። በወሩ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ለባለቤቴ ለዘይነብ ተወሁላት። እሷም መጀመሪያ ላይ፣ «በስተርጅና ልትሞላቀቅ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብህ አለኝ። ጅግጅጋ ውስጥ በእነዚህ ሁለቱ ያልታመመ ሰው ያለ አይመስለኝም። ድካም ነበረብኝና አመንኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ሆዴ ተበላሸ፣ ጣቴ እንደነበረች ቀረች።

ቀጥሎ ሕመሙ ከጣቴ ተነስቶ እስከ ክርኔ መውጣት ጀመረ። የግራ እጅ ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው፤ አንድ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልብ ነው፣ የአጎቴም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለና ሄደ። አጎቱ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳን አልነገረንም። ዘይነብ በባጃጅ አሳፍራ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ካርድ አውጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ብዙ ሰው ነበር። ጉንጩ ያበጠ፣ ከመሃል አገር የተመደበ አንድ ወታደር ደረቴን ይዤ ሲያየኝ ተነስቶ፣ «አባት፣ በኔ ወረፋ ይግቡ። የኔ ጥርስ ነው፣ ጥርስ አይገድልም» አለኝ። ፊቱን በመሀረብ አስሮ እንደገና ከኋላ ተሰለፈ። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ የልቤን ምት በወረቀት አነሳ። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«አላጨስም።»

«ጫትስ?»

«አልፎ አልፎ።»

ዘይነብ ሳል ያዛት። ሐኪሙም፣ «ውሃ ይስጧት» ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የኔ አልፎ አልፎ በየቀኑ፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዓርብ እስከ ዓርብ ነበር። ሱቄን ለምሳ እዘጋና ቀጥታ ወዳጄ ኡስማን ቤት እሄዳለሁ። ኡስማን በቶጎጫሌ መስመር የጭነት መኪና ደላላ ነው። በርጫ ላይ፣ ማለት ጫት ይዘን በምንቀመጥበት ክፍል፣ ለእያንዳንዳችን ፍራሽና ትራስ አለን። እዚያ የከተማው ወሬ ይበጠራል፣ ሰው ይታረቃል፣ እኔም ግማሹን ባለጉዳዬን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቤተሰብ ያውቃል፣ መንደር ያውቃል፤ ሐኪም ፊት ግን ሁላችንም «አልፎ አልፎ» ነን። ዘይነብም የባሏን ገመና ለሐኪም የምታወጣ ሴት ስላልሆነች ሳለችና ዝም አለች።

ልቤ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቀን አስተኝተው ለቀቁኝ። ከዚያ ያኔ የነበረኝን ሁለተኛ ኮምፒውተር ሸጬ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። አንገቴን በትልቅ ማሽን አነሱትና በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳው ነገር፣ ዲስክ የሚሉት፣ ትንሽ ወጣ ብሏል አሉኝ። ካልተሻለኝ ኦፕራሲዮን ይታሰብበታል ተባለ። እዚያም ስለ ጫት ተጠየቅኩ። እዚያም አልፎ አልፎ ነበርኩ።

ተመልሼ ስመጣ ኡስማን አዘነልኝና ከቶጎጫሌ አንድ ጠርሙስ አመጣልኝ፤ ከሕንድ በበርበራ ወደብ በኩል የገባ የአዩርቬዳ ዘይት። ላዩ ላይ ዝሆን አለ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው። አዩርቬዳ የሕንዶች የጥንት ሕክምና እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት። በኛ ቤት ደግሞ መድኃኒት የሆነ ዘይት ይጠጣል። ጥቁር አዝሙዱም፣ የወይራውም በማንኪያ ነው የሚወሰደው። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ጠዋት ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ ጠጣሁ። ሦስት ቀን ከመጸዳጃ ቤት ሳልወጣ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ ሳነበው የመገጣጠሚያ መታሻ ነው፣ እንዳይጠጣ ይላል። የሰው ወረቀት አንብቤ የማድር ሰው የራሴን ጠርሙስ አላነበብኩም። ለዘይነብ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥታ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። እኔም ከዚያ ወዲያ ሕንድ የሚባል ነገር በደጄ አይለፍ አልኩ።

ያስደነገጠኝ ግን ሆዴ አልነበረም። ከጉናጋዶ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ የሟች ባላቸውን ጡረታ የሚያስፈጽሙ። ማመልከቻቸውን ጽፌ፣ አትሜ፣ መርቀውኝ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ከመታወቂያው ቁጥር ውስጥ አንድ አኃዝ ጎድሏል። ትንሿ ጣቴ መምታት የነበረባት አኃዝ ናት፤ እኔ የመታኋት መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን አልነካችውም። ሴትዮዋ ለዚያች አኃዝ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አልተቆጡም፤ «አንተም ሰው ነህ ልጄ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ማታ ዘይነብን፣ «ሱቁን ልዘጋው ነው» አልኳት። ለሰው እጽፋለሁ ብዬ ሰው ከማንከራትት መዝጋቱ ይሻል ነበር። ፈራሁም፤ ከዚህ ሥራ ውጪ በሃምሳ ዓመቴ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ዘይነብም፣ «ሂቦ ጋ እንሂድ» አለችኝ።

ሂቦ የዚያው የኡስማን ልጅ ናት። አባቷ ለኩላሊት ጠጠር ሕንድ ሲሄድ አስታማሚ ሆና ሄደች። እሱ ድኖ ሲመለስ እሷ እዚያው ቀርታ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለት በእንቅስቃሴ የሚደረግ ሕክምና፣ ተማረች፤ ጎን ለጎን ከአዩርቬዳ ሐኪሞችና ከዮጋ አስተማሪዎች ጋር ሠራች። ተመልሳ ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ጠዋት ሴቶች ይገባሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዶች። «ከሕንድ የመጣውን ጠጥቼ አየሁት እኮ» ብል ዘይነብ የምትሰማ አልሆነችም። እሷ የተጨነቀችበት ሌላ ነበር። ክፍሉ እንደገባን ገና ሳንቀመጥ፣ «ልጄ፣ ይሄ ዮጋ የሚሉት ስግደት አለበት እንዴ? ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራ ቃል አለው?» አለቻት።

«ሕንድ አገር እንደዚያ አድርገው የሚሠሩት አሉ» አለች ሂቦ። «እዚህ የምናደርገው መተንፈስና መሳሳብ ብቻ ነው። ቢስሚላህ ብላችሁ ጀምሩ፣ አልሐምዱሊላህ ብላችሁ ጨርሱ።»

ዘይነብ ረክታ ተቀመጠች።

ሂቦ ጣቴን ታየዋለች ብዬ እጄን ብዘረጋላት ደብተር አውጥታ፣ «አዴር፣ ቀንህን ንገረኝ» አለችኝ። በሶማሊኛ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባለው፤ አክብሮቱ ያለው አዴር፣ አጎቴ፣ ማለቷ ላይ ነው። ስንት ሰዓት እንደምነቃ፣ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ፣ ሆዴ በስንት ሰዓት እንደሚሄድልኝ ሳይቀር ጠየቀችኝ። የአዩርቬዳ ዋናው ነገር ዘይቱ ሳይሆን ይሄ ነው አለች፤ ሰው ከአልጋው ተነስቶ አልጋው እስኪገባ የሚያደርገውን አንድ በአንድ ማወቅ። እኔም ነገርኳት። ሱብሒ፣ ቁርስ፣ ሱቅ፣ ምሳ። ከዚያ ዘለልኩና መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ ገባሁ።

«በምሳና በመግሪብ መሃልስ?»

«አረፍ እላለሁ።»

«ትቅማለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

ዘይነብ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ሂቦ፣ «ሀዬ፣ እሺ» ብላ ደብተሯን ዘጋችው። አልተከራከረችኝም። ግድግዳው ሥር የተነጠፈውን ፍራሽና ትራሱን አሳየችኝና፣ «እዚያ ዘና ብለህ ተቀመጥ፣ ትንሽ እንጫወት» አለች። ከዘይነብ ጋር የሰፈሩን ሰርግ አነሱ፣ ማን ስንት ግመል ሰጠ፣ ሙሽራዋ ለምን አኮረፈች። ወሬው ጥሩ ነበር፣ እኔም ገባሁበት። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሂቦ በወሬው መሃል፣ «አዴር፣ እንዳትንቀሳቀስ። ራስህን ተመልከት» አለችኝ።

ተመለከትኩ። በግራ ክርኔ ትራሱ ላይ ተደግፌ፣ ጭንቅላቴን መዳፌ ላይ ጥዬ፣ ቀኝ ጉልበቴን አቁሜ ጋለል ብያለሁ። ቀኝ እጄ ደግሞ ጭኔ ላይ የሌለ ጫት ይቀነጥሳል።

ዘይነብ ሳቀች፣ ሂቦም ተከተለቻት።

«አባቴ ቤት ውሃና ፔርሙዝ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ» አለች ሂቦ። «የአንተ ቦታ መስኮቱ ሥር ናት፣ ትራስህ ቀዩ። ስገባ በዚህ ክርንህ ላይ ነህ፣ ስወጣም በዚህ ክርንህ ላይ ነህ። እኔ ተምሬ፣ አግብቼ መጣሁ፣ አንተ አልተነሳህም።»

ቀና አድርጋኝ የክርኔን ጀርባ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር እስከ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ወረደ። ለወራት በድን የነበረች ጣት መኖሯን ያወቅኩት ያኔ ነው። ነርቭ ነው አለችኝ፤ በክርን ጀርባ በኩል ሲያልፍ ከቆዳ በስተቀር የሚሸፍነው የለም፣ ሁለቱን ትንንሽ ጣቶች የሚያዘው እሱ ነው። እኔ በቀን አራት ሰዓት ተኝቼበታለሁ። አፈርኩ፤ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም። ልቤም አንገቴም ደህና ነበሩ ማለት ነው።

በራሷ ግምት ብቻ አልያዘችኝም። ነርቭ ወደሚመረምር ሐኪም ላከችኝ፣ እሱም ክርኑ ላይ ነው አለ። ለዚህኛው ግን ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፤ በየቀኑ፣ አራት ሰዓት፣ በግራ ክርን። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝና፣ «እዚህ ወንበር ላይ አልፎ አልፎ ሳይል የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለኝ። ጥቂት ወር ታግሰን እንይ፣ ለቢላዋ አንቸኩልም ተባባልን።

ሕክምናው የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ሌሊት ክርኔ እንዳይታጠፍ ፎጣ ይጠመጠምበታል። ዘይነብ ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ክንዴን ታሸኛለች፤ በየምሽቱም፣ «ይሄ አይጠጣም» ትለኛለች። እራት በጊዜ፣ ከእንቅልፍ በፊት እርድ የገባበት ወተት። እውነቱን ለመናገር ወተቱ ለነርቩ ይሁን ለእንቅልፉ የጠቀመው አላውቅም፤ ሂቦም እንደዚያው አለችኝ። ነርቩን የሚያድነው ከላዩ ላይ መነሳቴ ነው፣ ሌላው እንድትታገስ የሚያግዝህ ነው አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ነኝ። እጅን እንደ ትሪ ተሸካሚ ወደ ጎን መዘርጋት፣ አንገትን ማዘንበል፣ አንዱን አፍንጫ ይዞ በሌላው ቀስ ብሎ መተንፈስ። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን ለመንካት ሳቃስት አጠገቤ የነበረ የመንግሥት ሹፌር፣ «ማመልከቻ ይጻፍልህ?» አለኝ።

«ለምን በጫት ሰዓት አደረግሽው?» ብዬ ሂቦን ጠየቅኳት።

«ለዚያ ነዋ» አለች።

ጫት ተው ብላኝ አታውቅም። ሰዓቱን ግን ወሰደችብኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱኝ፤ ራሴን ያመኛል፣ ቤት ውስጥ እነጫነጫለሁ፣ ዱካክ የምንለው የጫት ቅዠትም ሌሊት እየመጣ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ጫት ያቆመ ሰው ያውቀዋል። ዘይነብ ቀስቅሳኝ ያንን የአፍንጫውን ትንፋሽ አብራኝ ትተነፍስ ነበር። አሁን ከኔ የተሻለ ትችለዋለች፣ የእግር ጣቷን ሁሉ ትነካለች፤ ለጎረቤት ስታሳይ ደጋግሜ ይዣታለሁ።

በሦስተኛው ወር ጣቴ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። በአራተኛው ወር ሱብሒ ላይ ውሃው ቀዘቀዘኝ። ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። ዘይነብን ጠርቼ፣ «ቀዝቃዛ ነው» አልኳት። እሷም ጣቴን ይዛ አለቀሰች። እነሆ ዛሬ ይህንን በአሥር ጣቴ ነው የምጽፈው። ብርድ ሲሆን ጫፏ ትንሽ ትደነዝዛለች፣ ያንን ችለን እንኖራለን። የጉናጋዶዋ እናትም ጡረታቸው ተፈቅዶላቸው ለምስጋና አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ይዘውልኝ መጥተዋል።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር፤ ግን ባለፈው ወር ኡስማን ቤት ሄድኩ። ትራሴ ቦታዋ ላይ ናት፤ ማንም እንዳይቀመጥባት ይጠብቃታል። ወንበር ጠይቄ በሻይ ተቀመጥኩ። የተቀመጡት አምስት ሰዎች ሁሉ በግራ ክርናቸው ላይ ናቸው። የኔን ታሪክ አጫወትኳቸው፣ ሳቁብኝ። «ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ላይ ዳኛ መሰልክ» አለኝ አንዱ። ኡስማን ግን አልሳቀም። ሰው ሲወጣ በር ድረስ ሸኘኝና ግራ እጁን ዘረጋልኝ።

«ይቺን ቆንጥጣት» አለኝ። ትንሿን ጣቱን ቆነጠጥኳት። «አልተሰማኝም» አለ። «ረመዳን ሳይገባ ጀምሮ ነው።»

«ሂቦ ታውቃለች?»

«ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጁን ይዤ አመጣሁት። ሂቦ አባቷን በር ላይ ስታየው ደነገጠች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማውን ተቀብላ በር ሥር አኖረች፣ እሱንም አስቀምጣ ደብተሯን አወጣች። ሁሉንም እንደኔው ጠየቀችው። ምሳ ላይ ሲደርስ እሱም ዘሎ መግሪብ ገባ።

«አቦ፣ አባቴ፣ ትቅማለህ?» አለችው። ውሃ ስታመላልስ ያደገች ልጅ ናት የምትጠይቀው።

ኡስማን ምንጣፉን እያየ፣ «አልፎ አልፎ» አለ።

ሂቦ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ዘይነብ ሳል ሊይዘኝ ነበር። ግን ያ ሳል ዓመት እንደበላብኝ ትዝ አለኝ።

«በየቀኑ ነው» አልኳት። «ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት፣ በግራ ክርኑ። ጣቱ የደነዘዘው ረመዳን ሳይገባ ነው።»

ኡስማን ዞሮ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለና እጁን ለልጁ ሰጣት።